«እንደምታዩት…»

ግንቦት 20 ድሮ የሰልፍ ቀን ነበር፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዓለም የወር አበባ ንጽህና ቀን ይለዋል። ዘንድሮም ካርቶን ተደረደረ፣ ሞዴስ ታደለ፣ ፎቶ ተነሡ። ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ዓይነ ስውር ተማሪዎች በተቀመጡበት አዳራሽ አሠልጣኟ ፕሮጀክተር ከፍታ ሥዕሉን እየጠቆመች «እዚህ ጋ እንደምታዩት…» ትላለች!

ዓይነ ስውሯ ልጅ ሞዴሱን መዳሰስ አለባት። የሚለጠፈው በየትኛው ወገን እንደሆነ በጣቷ ትለየው፣ ፓንት ላይ ደጋግማ ትለጥፈው። ደሙን ባታየው እርጥበቱንና ሽታውን ታውቃለች፤ መቀየሪያ ሰዓቱንም ትለምዳለች። ለዚህ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፓንትና ትዕግሥት ይበቃል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባት ልጅ ሲሆንማ ጭራሽ «እሷ ምን ታውቃለች» ነው። አንዲት ጎረቤቴም ስለ ልጇ «ገና ሕፃን ናት» ስትለኝ ቆየች። ደሙ ሲመጣ ልጅቷ የቆሰለች መስሏት ሰፈሩን በጩኸት አናጋችው፤ እናትየው ከትምህርት ቤት አስቀረቻት። ኔፓል ውስጥ ካቭሬ በሚባል አካባቢ ግን ለእንዲህ ያሉ ልጆች ቢሼስታ የምትባል አሻንጉሊት አዘጋጅተዋል። ፓንት አላት፣ ትንንሽ ሞዴስ አላት፤ ልጆቹ እየቀየሩላት ተምረዋል። እኛ ይህን መስፋት ያቅተናል? ወ/ሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ ፋብሪካ ያቋቋሙበት አገር እኮ ነው!

«ባህላችን አይፈቅድም» የሚሉኝም አሉ። ደሙ መቼ አስፈቅዶ መጣ?

መስማት የተሳናትስ? ወላጆቿ የምልክት ቋንቋ ካላወቁ የቤቱ ወሬ «ብይ፣ ነይ፣ ተኚ» ከሚል ጥቅሻ አያልፍም። የገላዋን ክፍሎች በምልክት ያስተማራት የለም። እንግዲህ አንዱ ቢደፍራት ለፖሊስ በምን ትናገር? አስተርጓሚ ቢገኝስ፣ ያልተማረችውን ምልክት ከየት ታምጣው? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 በአዋጅ ተቀብላለች፤ አዋጁ ግን ማታ ማታ ቤት ገብቶ ልጅ አያስጠናም።

ስለዚህ ምልክቱን እናቶች ይማሩ፤ አባቶችም። አባት ስል የሚስቁ እንዳሉ አውቃለሁ። ይሳቁ። እናት ዓረብ አገር በሄደችበት ቤት ለልጅቷ ማን ሊነግራት ነው?