የሐረር ቤት በስተ ውስጥ

አገር ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በግንብና በአደባባይ ላይ ነው። ግንቡን ማን አሠራው፣ በሮቹስ ስንት ናቸው ብሎ ጠይቆ፣ ፎቶግራፉንም አንሥቶ ይመለሳል። ይህ ነቀፌታ የለበትም። ነገር ግን ሐረርን በዚህ ብቻ ያየ ሰው ከተማይቱን አየሁ ለማለት የሚያስደፍረው ነገር አይኖረውም፤ የሐረር ውበት ከቤት ውስጥ ተቀምጧልና።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ መንገደኛ የቆላውን ሙቀት ከኋላው ትቶ ወደ ወይና ደጋው ነፋስ ይገባል። የጫት ማሳው፣ ቡናው፣ ማንጎውና ብርቱካኑ ለዓይን ዕረፍት ይሰጣሉ። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በታነጸው ግንብ የተከበበችው ጀጎል ስፋቷ 48 ሔክታር ገደማ ቢሆንም በውስጧ 82 መስጊዶች እንዳሉ ተቈጥሯል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትጻፍ፣ ከሁሉ ይልቅ የተደነቀው የመኖሪያ ቤቶቿ የውስጥ አሠራር ነበር።

በጠባቡ መንገድ ለሚያልፍ ግን ይህ ቤት ምንም አይነግረውም። የሚታየው የድንጋይ ግድግዳና የተዘጋ በር ነው። ደጁን አልፎ ጓሮ መሳዩን ግቢ ሲረግጥ፣ በአንድ ጥግ ጤና አዳም፣ በሌላው በሶብላ ተተክሎ ያገኛል። አትክልቱ ትንሽ ነው፤ እንደ ቤተ መንግሥት የአበባ ሥፍራ የሚያስደምም አይደለም። ሆኖም ከጠራራው ፀሐይ የገባ እንግዳ ጫማውን እያወለቀ ያን ሽታ ሲያሸት፣ ገና ከደጃፉ ተቀባይነት ያገኘ ይመስለዋል።

ሐረሪዎች ይህን ቤት «ጌይ ጋር» ይሉታል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። በታላቁ ክፍል ውስጥ በቀይ አፈር የተቀቡ፣ ከፍታቸውም የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። መደቡን «ነደባ» ብለው ይጠሩታል። «አሚር ነደባ» የተባለው የአባወራው ነው፤ ከዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ አስቀድሞ ያያል። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ከበር ኋላ ያለውና የተሰወረው መደብ ደግሞ ለየራሳቸው ሰዎች የተመደቡ ናቸው። እኛ በየቤታችን ሶፋ ደርድረን፣ እንግዳው ከወዴት እንደሚቀመጥ ሲጨንቀው ዝም ብለን እንመለከተዋለን። የሐረር ቤት ግን ይህን ጭንቀት ከብዙ ዘመን በፊት አስወግዶታል።

ስለ ቀዩ ቀለም አስጎብኚዎች በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክት እንደ ነበር ይነገራል። «ኪርታት» የምትባለው ትንሽ ክፍል ሙሽሮቹ ከሠርጋቸው በኋላ የሚቀመጡባት ነበረች።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ግድግዳው ነው። በውስጡ በተፈለፈሉት መደርደሪያዎች ጽዋና ሣህን ተደርድሮ፣ ከዚያ በላይ ባለ ቀለም ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለው ይታያሉ። ለባዕድ ዓይን ጌጦች ናቸው። ባለቤቲቱ ግን አንዱን ከአያታቸው እንደ ወረሱት፣ ሌላውን በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር ሆነው ወስፌ መያዝን ሲማሩ እንደ ሰፉት፣ ያኛው ደግሞ ለሠርግ የመጣ መሆኑን እየጠቆሙ ሲያስረዱ፣ ግድግዳው የቤተ ሰብ መዝገብ ሆኖ ይነበባል። ስንደዶው የደበዘዘው ስፌት ከአዲሱ ይልቅ ከፍ ያለ ሥፍራ የተሰጠው ስለዚህ ነው።

ብዙ ጎብኚ ወደ ራምቦ ቤት እንደሚቸኩል እናውቃለን። ያ ቤት ባለ ቀለም መስተዋቱና ያጌጠው ጣራው በእርግጥ ያምራል፤ ቢሆንም የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ የታነጸውም ፈረንሳዊው ባለቅኔ በ1884 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ነው። ያልኖረበትን ሰው ስም ተሸክሞ ቆሟል፤ በአቅራቢያው ግን ትውልድ በትውልድ ላይ የኖረባቸው ቤቶች ስም ሳይጠራላቸው ይታለፋሉ። ይህ ትንሽ ያሳዝናል።

የሚያሳስበውም ከዚህ ይጀምራል። በእንጨትና በአፈር የተሠራው ጠፍጣፋ ጣራ በየጊዜው መጠገን ይፈልጋል፤ ጠጋኙ ሲጠፋ በቆርቆሮ ይተካል። በጭቃ የታነጸ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ውስጥ ለውስጥም ይጎዳል። ቤቱን ለሁለትና ለሦስት ወራሽ መክፈል ሲመጣ ደግሞ በመደቦቹ መካከል ግድግዳ ይቆማል፤ አሚር ነደባም በሩን ማየቱ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ በክፋት የሚደረጉ አይደሉም። ልጆች ይበዛሉ፤ ገንዘብ ያንሳል፤ ብዙዎቹም ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፈው እስከ ቶሮንቶ ሄደው ኑሯቸውን መሥርተዋል።

ግድግዳ ቢፈርስ ሊታደስ ይችላል። የስፌቶቹን ታሪክ የሚያውቁት እናት ሲያርፉ ግን በግድግዳው የቀረው ለገበያ የሚወጣ ዕቃ ነው፤ ጎብኚው ዋጋ ተከራክሮ ይገዛዋል፤ ማን ለማን እንደ ሰፋችውም አይጠይቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ፣ እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ከእያንዳንዱ ስፌት ጀርባ አንዲት ወረቀት አድርጉ፤ የሰፊዋንና የተቀባይቱን ስም፣ ዘመኑንም ጻፉባት። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ናት፤ ቡና እየተፈላ ያልቃል።

ሐረርን የምትጎበኙም፣ አንዳንድ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ለእንግዳ ማደሪያ ከፍተዋልና ቢቻላችሁ በዚያ እደሩ። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የት እንደምትቀመጡም ሲነግሯችሁ ታዘዙ። ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የሚመጡ የልጅ ልጆችም እንደ እናንተው ጫማቸውን አውልቀው ከደጃፉ ይቆማሉ፤ ወደ የትኛው መደብ እንደሚወጡ የሚያሳያቸውን ሰው እየጠበቁ።