ኡሩሩ ስንት ብር ያወጣል?



ባለፈው ወር እናቴ ከነቀምቴ መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አንድ ምሽት ልጄ አልተኛም ብላ ስታስቸግረኝ እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ የሕፃናት ማስተኛ ዘፈን መፈለግ ጀመርኩ። እናቴ ዝም ብላ ልጅቷን ተቀበለችኝና አዝላ “ኡሩሩ” ትላት ገባች። በአማርኛ እሹሩሩ የምንለው መሆኑ ነው። ጉቶ ጊዳ ገጠር ውስጥ ከእናቷ የተማረችው፣ እኔንም ያሳደገችበት ዜማ ነው። ልጄ ወዲያው አንቀላፋች፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ያንን ዜማ ከእናቴ አፍ ሌላ የትም ሰምቼው አላውቅም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሬዲዮ አየር ሰዓት ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው “ስንት ሰው ይሰማዋል?” ብዬ ነው። ጣቢያውም ጥያቄዬን ስለሚያውቅ ብዙ ሰው የወደደውን ዘፈን ደጋግሞ ያጫውታል። አልፈርድበትም፤ የሠራተኛው ደመወዝ የሚወጣው ከማስታወቂያ ነው። ግን በዚህ ስሌት የእናቴ ኡሩሩ ስንት ብር ያወጣል? ምንም። እኔ ራሴ አንድ ደቂቃ አልገዛለትም።

የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ጎን ለትርፍ ለማይሠራው የማኅበረሰብ ሬዲዮም ቦታ ሰጥቷል። ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኤፍኤም 99.4 ይደመጣል።

የአዲስ አበባውን ብቻ እንኳ ተመልከቱ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በሥሩ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ደግሞ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ሰብስቦ ይዟል። የሚጫወተው፣ የሚያጠናውና የሚያሰማው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የትኛውም የንግድ ጣቢያ ይህን በገንዘብ አያገኘውም።

“ማን ይሰማዋል?” ለምትሉኝ፣ ከሩቅ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ኬሲኤምዩ የተባለ ትንሽ ጣቢያ ከፈቱ። ጣቢያው እንደ ኒርቫናና ሳውንድጋርደን ያሉትን የአካባቢውን ልጆች ሙዚቃ ዓለም ሳያውቃቸው በፊት ያሰማ ነበር። ዛሬ ኬኢኤክስፒ ይባላል፤ አድማጩም ከሲያትል አልፎ በብዙ አገር ነው። የጀመረው ግን ደጁ ላይ ያለውን በመስማት ነው።

ወደ አገሬ ልመለስ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው አዋጁ በወጣበት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከነቀምቴ ሌላ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓስ አለው። ተማሪው ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ በኪሱ የሚቀዳ ስልክ አለ፤ ቤት ሲደርስ ደግሞ ጌረርሳ የሚያወርዱ አባት፣ የሰርግ ዘፈን የሚያውቁ እናት ይጠብቁታል። አንድ ተማሪ አንድ አያት ቢቀዳ፣ በአንድ ክረምት የሚሰበሰበውን አስቡት። ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፤ ለሬዲዮ የስንት ሳምንት ዝግጅት ይወጣዋል።

እናንተም ጣቢያ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዝጉና እናታችሁን ወይም አያታችሁን አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀበሌ፣ ዜማውን ከማን እንደተማሩት ራሳቸው ይናገሩ። አንዱን ቅጂ ቤት አስቀምጡ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ሌላውን በአቅራቢያችሁ ላለ የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ስጡ። በጣቢያው ስልክ ደውላችሁም የአካባቢያችሁን ዜማ ጠይቁ። ካልጠየቅን እነሱም የሚለኩት እንደኔ መሥሪያ ቤት ነው።

እኔ የእናቴን ቀድቻለሁ። ስልኩን ሳስጠጋላት ሳቀችብኝ። “ተይ እንጂ ልጄ፣ ይሄን ደግሞ ማን ይሰማዋል?” አለችኝ። በየቀኑ ቢሮ ውስጥ የምጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን አሳፈረኝ። መሃል ላይ የልጄ ሳል ይሰማል፤ አልቆረጥኩትም። አንድ ቀን እሷም ለልጇ ታሰማዋለች።

ወር ሰው ይበለን!