«አያዋጣም» ላለው ወንድማችን የተሰጠ መልስ

ባለፈው ቁጥር በዚህችው መጽሔታችን ላይ አንድ ወንድማችን የቤት ሠራተኛ መቅጠር «አያዋጣም» ሲል በሒሳብ አስደግፎ የጻፈውን አንብበናል። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ ለዛም አለው፤ ይህን አንክድም። ደመወዟን ጻፈ፤ የምትበላውን እንጀራ ቆጠረ፤ ሳሙናዋንና ቅባቷን ደመረ፤ ለደላላው የተከፈለውን ጨመረ፤ በዓመት ውስጥ የሰበረቻቸውን ብርጭቆዎችና የቡና ስኒዎች እንኳ አልረሳም። ከሥር አስምሮም፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ በሳምንት ሁለት ቀን ተመላላሽ መያዝ ይሻላል ሲል ፈረደ። ያቺ ገጽ በዶርማችን ከአልጋ አልጋ ስትዞር ሰነበተች። «እውነቱን እኮ ነው!» ያላለ ጥቂት ነው፤ እኛም ብለናል።

ነገር የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ሐሙስ ልብሳችንን የሚያጥቡልን እትዬ የሚመጡበት ቀን ነው። የሳሙና ዋጋ ጨምሯልና በአንድ ጂንስ ሱሪ ላይ አምስት ብር ጨምሩልኝ አሉን። ሸሚዙ ባለበት ይሁን፣ ጂንሱ ግን ክንድ ይጨርሳል፣ ሲጨመቅም እጅ ይልጣል አሉ። እኛ ደግሞ ገና ከጽሑፉ ሙቀት አልወጣንምና ተከራከርን። ከመሃላችን አንዱ፣ «እትዬ፣ እንዲህ ከሆነማ ለእኛ አያዋጣንም» ቢላቸው፣ ሳፋውን ወደ ወገባቸው አስጠግተው ሳቅ አሉና «ለእኔስ የሚያዋጣኝ መስሎህ ነው ልጄ?» አሉት።

ይህችን ጥያቄ ተመልሰን በወንድማችን ጽሑፍ ውስጥ ፈለግናት። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የለችም።

እንግዲያው ጨዋታው ሒሳብ ከሆነ እንካችሁ ሒሳብ። እቤት የምታድር አንዲት ሠራተኛ ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች እንበል። (ማጋነን ነው የሚል ካለ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እናቱ ቤት ይደርና የማድ ቤቱን በር ድምፅ ይስማ።) የምትተኛው ራት ተነስቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። 17 ሰዓት ሆነ። ለምግቧና አረፍ ለምትልበት 2 ሰዓት እናንሳላት፤ 15 ቀረ። በወር ሁለት እሑድ ትወጣለች፤ ስለዚህ 28 ቀን። 28 በ15 ሲባዛ 420 ሰዓት። ደመወዟን 4,200 ብር እናድርገው። ከዚህ በላይ የሚከፍልም በታች የሚከፍልም አለ፤ ይህን ቁጥር የመረጥነው ለማካፈል ስለሚመች ብቻ ነው። በሰዓት 10 ብር! ከስድስት ኪሎ በር ፊት ለፊት ካሉት ሻይ ቤቶች ወደ አንዱ አሥር ብር ይዞ ገብቶ ሻይ የሚያዝ ቢኖር ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

«ትበላለች፣ ትተኛለች፣ እሱስ?» ይባላል። ወንድማችንም ብሎታል። መቼም የት እንደምትተኛ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ቀን ተጠቅልሎ ከዱቄት ጆንያው አጠገብ የሚቆም ፍራሽ አለ፣ ማታ ይዘረጋል። ምግቡንም ከሁሉ በኋላ ነው። ግን ይሁን፣ ይቆጠርባት። እኛስ? የካፌውን ሽሮ በልተን፣ በዶርሙ ተኝተን አይደለም እንዴ የምንማረው? «በልታችኋልና፣ ተኝታችኋልና ዲግሪው ይቅርባችሁ» ብሎን የሚያውቅ አለ? ለእኛ ምግብና መኝታ ለሌላ ነገር መሥሪያ ነው። ለእሷ ሲሆን መጨረሻው ራሱ ይሆናል። የብርጭቆውን ነገር ተውት፤ እኛ የሰበርነውን የቆጠረ እናት እስካሁን አላየንም።

ማሽኑንም በተመለከተ፣ ሠፈሩ የት እንደሆነ ባናውቅም ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ያደግን ነን። ውሃ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲመጣ ተነስቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን የሚሞላው ማነው? ማሽኑ ነው?

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ ስሕተት፣ የወንድማችን ደብተር ወጪ ብቻ እንጂ ገቢ የሌለው መሆኑ ነው። አካውንቲንግ የሚማሩ ጓደኞቻችን ቢያዩት ይስቁበታል። እስቲ በገቢው በኩል ምን ይጻፍ? እናታችን ቢሮ ትሠራለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ ጥሩ ነው፤ የታገሉለት ሰዎች ይመስገኑ። በ121ኛው ቀን ግን ሕፃኑን ማን ያዘው? እናታችን ወደ ቢሮዋ የተመለሰችው፣ ዕድገት ያገኘችው፣ ደመወዟ ከፍ ያለው አንዲት የሰው ልጅ ሕፃኑን ስላዘለች ነው። አባታችንም ማታ ሸሚዙን ጥሎ ጠዋት ተተኩሶ የሚያገኘው በተአምር አይደለም። ይህ ሁሉ በብር ሊተመን ይችላል፤ ማንም ግን አይተምነውም፤ ምክንያቱም ከተተመነ ዕዳ ሊሆን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በገቢው በኩል እኛው ራሳችን አለን። ይህን መጻፍ ያሳፍረናል፤ ቢሆንም ጽሑፉ በእሷ ሒሳብ ተጀምሯልና በእኛ ይቀጥል። በአንዳችን ቤት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና በሚወሰድበት ዓመት፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። ከእኛ በሁለት ዓመት ብታንስ ነው። 6ኛ ክፍል ደርሳ ያቋረጠች ናት። አንድ ማታ ሳሎን በር ላይ ቆማ፣ መወልወያውን ይዛ፣ «እትዬ፣ ማታ ትምህርት ልመዝገብ ነበር፤ ከቤቱ ሥራ ምንም አላጓድልም» አለች። እናታችን ክፉ ሰው አይደለችም። «ራቱንስ ማን ያቀርበዋል? ልጁ ዘንድሮ ፈተና አለበት። ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን» አለቻት። ልጁ እዚያው ነበር። ባዮሎጂ ይዞ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ሰምቷል። አንዲት ቃል፣ «ራቱን እኔ አቀርባለሁ» ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። ገጹን ገለጠ።

ልጁ ፈተናውን አለፈ። እዚህ ገባ። አሁን በዚህች መጽሔት ላይ ይጽፋል። እሷ በዓመቱ ወጣች፤ ቤሩት ሄደች ሲሉ ሰማን።

«እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚባል ነገር አለ፤ ይህን ያልሰማንበት ቤት የለም። የቤተሰቡን የፎቶ አልበም እስቲ እንግለጠው። በልደቱ ፎቶ ላይ ካለች ጥግ ላይ ትሪ ይዛ ግማሽ ፊቷ ተቆርጦ ነው። እንደ ልጅ ከሆነች ደብተርና ዩኒፎርሟ የት አለ?

አረብ አገር ስንል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለናል። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችን በገፍ ሲባረሩ ገና ልጆች ነበርን። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነበር የተመለሰው። ቤተሰቦቻችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስበው ሲያለቅሱ፣ «ለሰው ቤት ሥራ ብለው ሄደው እንዲህ ይደረጋሉ?» ሲሉ እናስታውሳለን። እውነተኛ ዕንባ ነበር። ሻዩን ያቀረበችው ልጅም በር ተደግፋ ቆማ ትመለከት ነበር፤ ተቀመጪ ያላት አልነበረም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ያን ማታ ለእኛ ቤት የተተረተ ነው።

መንግሥትስ? በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። ለቤት ሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ 18 ዓመት ይሙላት፣ 8ኛ ክፍል ትጨርስ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ትያዝ፣ ውሏ በመንግሥት ይጽደቅ፣ ኢንሹራንስ ይገባላት አለ። መልካም! ይህችው ልጅ ጅዳ መሄዱን ትታ ካዛንችስ ብትቀጠርስ? የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይብለጥ ይላል፤ የእሷ 15 በ7 ሲባዛ 105 ነው። ነገር ግን አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ አውጥቶ፣ የሥራውን ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወስናል ብሎ ያልፋታል። ይህ አባባል በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም ውስጥ ነበረ። በሁለቱ መካከል 15 ዓመት አለፈ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንቷ ልጅ መጥታ ስንቷ ሄደች! እሷን የሚያውቃት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በቁጥር 2601 ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ የመኖሪያ ክፍሉ፣ ምግቡ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ለጤናው እንዲስማማ አሠሪው ይጠንቀቅ ይላል። ይህን ሕግ አንብቦ ፍራሹን ከዱቄቱ አጠገብ ያነሳ ቤት ግን አላጋጠመንም።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ የባሰ አፈርን። ባለፈው ሰሚስተር የኡስማን ሴምቤንን የ1966 (እ.ኤ.አ.) ፊልም አይተናል፤ ከዳካር ወደ አንቲብ ልጅ ልትጠብቅ ተብላ ሄዳ፣ ወለል ስትወለውል የኖረችውን የዲዋናን ታሪክ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ስለ ቅኝ አገዛዝ ሁለት ሰዓት ተናገርን። አንዳችንም ስለ ማድ ቤታችን አላነሳንም። «ብዝበዛ» የሚለው ቃል ያልታተመበት የዚህች መጽሔት ቁጥር ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን፤ ቃሉ ፋብሪካ ይገባል፣ እርሻ ይገባል፣ ባሕር ይሻገራል፣ የጓዳውን በር ግን አንኳኩቶ አያውቅም።

አሁን ወንድማችን የሚመልስልንን እናውቃለን። «ደመወዙ ይጨመር ካላችሁ መምህሩና ነርሷ መቅጠር ያቅታቸዋል፤ ልጆቹም ሥራ ያጣሉ» ይለናል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ እውነትነት አለው። ከመሃላችን የመምህር ልጆች አለን፤ የወሩ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚነግረን የለም። ግን ነገሩን አስተውሉት። በተገቢው ዋጋ ልንገዛው የማንችለውን ነገር፣ ሻጯ ሌላ መሄጃ ስለሌላት ብቻ በርካሽ እየገዛነው ነው። ጤፍ ሲወደድብን ያነሰ እንበላለን እንጂ ነጋዴውን በ10 ብር ኪሎ ካልሸጥክልን አንለውም። የቤት ሥራም ከተወደደ የምንገዛውን ሰዓት እንቀንስ፤ የቀረውን ደግሞ እቤት ያለው ይሥራው። እቤት ያለው ማነው? እናታችንማ ቢሮ ውላ ገብታ ቅዳሜም ከማድ ቤት አትወጣም። እቤት ያለነው እኛ ነን፤ ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ድረስ የምንተኛው ጎረምሶች፣ ዜና የሚያዩት አባቶቻችን። አያዋጣም ያለው ወንድማችን መጥረጊያ አንስቶ የሚያውቅ ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለዚህ የምንለው ሠራተኛ አትቅጠሩ አይደለም። በእርግጥ ያዋጣል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ያዋጣል፣ ጠባችንም ከዚሁ ጋር ነው። ለክረምት ዕረፍት እቤት ስንገባ እናቶቻችንን ማነጋገር አያቅተንም፤ ውሉ በወረቀት ይስፈር፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ፣ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደብተሯን ይዛ ትውጣ። ራቱን እኛ እናቀርበዋለን። ሽሮ መሥራት ያልቻለ ካለ ይማር፤ ከፍልስፍና ኮርሱ አይከብድም።

የእትዬን ጉዳይ በተመለከተ፣ ከዚህ ሐሙስ ጀምሮ በሁለተኛው ፎቅ የጂንስ ዋጋ እሳቸው ባሉት ሆኗል። ብርድ ልብስም ለብቻው ይታሰባል፤ ይህን እንኳ አልጠየቁንም ነበር። ወንድማችንም የሚኖረው እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ ጂንሱ ሁለት ነው፣ ቆጥረናል።