ሳጥኑ ለቤቱ፣ ገመዱ ለመኪናው

ፈረስ የሚገዛ ሰው ፈረሱን ከገበያ ከማምጣቱ በፊት ጋጣውንና ገለባውን ማሰናዳት የቆየ ልማድ ነው። ጋጣ ሳያበጅ ፈረስ የገዛ ሰው የጎረቤት መሳቂያ ይሆናልና። ዛሬ በከተማችን የምናየው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ገዝቶ፣ በሰላም ወደ ግቢው አስገብቶ፣ በሩን ከዘጋ በኋላ «ለመሆኑ ይህ ነገር ከምን ይሞላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ሁሉ፣ በችኮላ የተገዛ ቻርጀርም ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ከግድግዳው ላይ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ በዛሬው እሑድ ስለዚሁ ጉዳይ ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ለመነጋገር አስበናል።

ይህ የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ቢኖር ተሳስቷል እንላለን። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የነጋዴውም፣ የመምህሩም፣ የታክሲ ነጂውም ጉዳይ ሆኗል። ታላቁ የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዳሩ ግን ከጉባ የተነሣው ኃይል ይህን ሁሉ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ ከቤታችን ቢደርስ፣ ከግድግዳው እስከ መኪናው ያለችውን የመጨረሻዋን አምስት ሜትር በደኅና ካልተሻገረ ትርፉ ምንድን ነው? እሳት የሚነሣው፣ ሰውም የሚያዘው በዚህችው አምስት ሜትር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ገዢዎችን ሁሉ ግራ የሚያጋባውን የመሙያ አፍ ጉዳይ እንመልከት። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የቻይናው ቢዋይዲ፣ የጀርመኑ ቮልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ የጃፓኑ ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ይታያሉ። የኮሪያው ሀዩንዳይም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በማራቶን ሞተር እዚሁ አገራችን ውስጥ ተገጣጥሟል። ሰው ስሙን አይቶ «የእኔ የጀርመን ነው፤ የአንተ የጃፓን ነው» ይባባላል። ይሁን እንጂ የመሙያውን አፍ የሚወስነው በመኪናው ግንባር ላይ የተለጠፈው ምልክት አይደለም፤ መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ ተብሎ መሠራቱ ነው። አይዲ 6 ስሙ የጀርመን ቢሆንም የተሠራው በቻይና ለቻይና ገበያ ነውና አፉ የቻይና ነው። ከቻይና የመጣ ቶዮታም እንደዚሁ ነው። ያው ስም ያለው መኪና ለአውሮፓ ገበያ ከተሠራ ግን አፉ ሌላ ይሆናል።

ለቤት መሙያ የሚያገለግሉት ዋና ዋናዎቹ አፎች አራት ናቸው። አንደኛው ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ነው። ሁለተኛው ታይፕ 2 የሚባለው ሲሆን፣ ሜኔከስ በተባለው የጀርመን ፋብሪካ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ለአባል አገሮቹ የጋራ መለኪያ ያደረገው ነው። ሦስተኛው አምስት ቀዳዳ ያለው ታይፕ 1 ሲሆን በጃፓንና በአሜሪካ መኪናዎች ላይ ይገኛል። አራተኛው የአሜሪካው የቴስላ ነው። ከእነዚህ መካከል ጂቢቲና ታይፕ 2 እንደ መንታ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ሁለቱም ሰባት ሰባት መስመር አላቸው። ነገር ግን በታይፕ 2 ሹሉ በመኪናው ላይ፣ ቀዳዳው በገመዱ ላይ ሲሆን፣ በጂቢቲ ይህ ተገላብጦ ሹሉ በገመዱ ላይ፣ ቀዳዳው በመኪናው ላይ ይገኛል። በሩቅ አይቶ «ይገጥማል» ያለ ሰው ብዙ ብር የሚከስረው በዚህ ነው።

አንድ ወዳጃችን የደረሰበትን እዚህ ላይ ብንጠቅስ ያስተምራል። ይህ ሰው መጀመሪያ የገዛው መኪና የቻይና አፍ ያለው ነበርና ሻጩ ገመዱ ከሳጥኑ ጋር አብሮ የተሠራ ቻርጀር ጨምሮ ሸጠለት፤ ከግድግዳውም ላይ ተገጠመለት። ከዓመት በኋላ መኪናውን ሸጦ ከአውሮፓ የመጣ ሌላ መኪና ገዛ። ያ ሳጥን ከዚያን ቀን ጀምሮ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ሌላ ሳጥን ሊያስገጥም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በጠራ ጊዜ ደግሞ ወጣቱ የድሮውን መስመር ገልጦ አየና፦

«ጋሼ፣ እግዜር ነው የጠበቅዎት» አለው።

«ምነው ልጄ? ምን አገኘህ?»

«ሽቦው ቀጭን ነው፤ ሙቀቱ ልባሱን አቅልጦታል። የመሬት መስመሩም ከሳጥኑ ጋር ታስሯል እንጂ ከመሬት አልደረሰም። ሳጥኑስ ደኅና ነበር፤ የታመመው ቤቱ ነው።»

ይህ የወጣቱ ቃል የነገሩን ሥር የያዘ ሆኖ አግኝተነዋል። ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ሳጥኑ ስምና ስለ ኪሎ ዋቱ ብዛት ነው፤ መመርመር የሚገባው ግን አስቀድሞ ቤቱ ነው።

ይህ እንዲገባን ቻርጀር የምንለው ሳጥን በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመስመሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ነው፤ ባትሪው የሚቀበለው ግን ቀጥተኛውን ብቻ ነው። ይህን የሚለውጠው መሣሪያ ያለው በግድግዳው ሳጥን ውስጥ ሳይሆን በመኪናው ሆድ ውስጥ ነው። ሳጥኑ እንደ ደኅና በረኛ ነው። ገመዱ መግጠሙን ያረጋግጣል፤ ለመኪናው «ከዚህ አምፔር በላይ እንዳትወስድ» የሚል ምልክት ይልካል፤ አደጋ ሲያይ መስመሩን ይቆርጣል። መኪናው ደግሞ የሚጎርሰው በጉሮሮው ልክ ነው። የውስጥ መሣሪያው 7 ኪሎ ዋት ብቻ የሚቀበል መኪና 22 ኪሎ ዋት ከሚሰጥ ሳጥን ጋር ቢታሰር ያው 7 ኪሎ ዋቱን ይወስዳል እንጂ አይጨምርም። ከዚህም በላይ 22 ኪሎ ዋት ሦስት ፌዝ መስመር የሚጠይቅ ነውና አንድ ፌዝ ቆጣሪ ባለበት ቤት እንዲህ ያለውን ሳጥን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንይ። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በ10 አምፔር ሲሞላ 2.2 ኪሎ ዋት፣ በ16 አምፔር 3.5 ኪሎ ዋት፣ በ32 አምፔር ደግሞ 7 ኪሎ ዋት ይሆናል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ በ32 አምፔር መኪና መሙላት ማለት ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ጥዶ ለሰዓታት ሳያቋርጡ መጋገር ማለት ነው። ምጣዱ ሲጣድ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ቤት ይህን ሸክም እንደማይችል ለመናገር መሐንዲስ መሆን አያሻም።

ደግነቱ ብዙው ሰው ይህን ያህል አያስፈልገውም። በከተማ ውስጥ በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ይህም በ10 አምፔር አራት ሰዓት ተኩል፣ በ16 አምፔር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ሆኖ ከመቶ ሃያ ወደ መቶ ሰማንያ እንሙላ ብንል እንኳ በ16 አምፔር ከ11 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚቆም መኪና በ16 አምፔር ከ150 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ የሚያስኬደውን ያገኛል። ስለዚህ 32 አምፔር የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ለሚሠራው ታክሲ ነጂና ሁለት መኪና ላለው ቤት ነው፤ ለሌላው 16 አምፔር በቂ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በቀን 10 ኪሎ ዋት ሰዓት በወር 300 መሆኑንና የቤት ታሪፍ እንደ ፍጆታው በደረጃ የተከፈለ መሆኑንም ቤተሰቡ አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል።

እንግዲህ ቻርጀር የሚመርጥ ሰው በምን ቅደም ተከተል ይሂድ? እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ቆጣሪውን፣ ማከፋፈያውንና ኧርዝ የሚባለውን የመሬት መስመር በመሣሪያ ያስለካ። ለ32 አምፔር ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ሲረዝም 10፣ ከማከፋፈያው ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። ፍሳሽ ሲኖር ወዲያውኑ የሚቆርጠው መከላከያም አይቅር፤ ይህም መከላከያ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ 6 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያፈስ የሚያውቅ መሆኑን፣ ወይም ይህ መከላከያ በሳጥኑ ውስጥ መኖሩን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አምፔሩ ከ8 እስከ 32 ዝቅና ከፍ የሚደረግ ሳጥን ይምረጥ። ዛሬ መስመሩ 16 ብቻ የሚችል ቤት ነገ ሲታደስ ያው ሳጥን ያገለግላልና። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ሥራውን የሚቀጥል፣ ቮልቱ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ራሱን የሚጠብቅ፣ በአንድ ፋብሪካ የስልክ ፕሮግራም ብቻ የማይታዘዝ ቢሆን ይመረጣል። በእንቅልፍ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ተመልሶ፣ ጧት ባዶ ባትሪ የጠበቀው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ የተለያየ ስሪት ያላቸው መኪናዎች በሚያድሩበት ወይም መኪናው በየጊዜው በሚለወጥበት ግቢ ገመዱ ከሳጥኑ ጋር አብሮ የተሠራውን ትቶ፣ ሳጥኑ ሶኬት ብቻ ያለውንና ገመዱ የሚነቀለውን ይግዛ። የአውሮፓው ታይፕ 2 ሶኬት ያለው ሳጥን ለዚህ ያመቻል። ከእርሱ ወደ ጂቢቲ፣ ከእርሱ ወደ ታይፕ 1፣ ከእርሱ ወደ ታይፕ 2 የሚሄዱ ገመዶች ይገኛሉና። መኪና ሲለወጥ ገመድ ይለወጣል፤ ሳጥኑና መስመሩ ግን በቦታቸው ይቆያሉ። ሳጥኑ ለቤቱ፣ ገመዱ ለመኪናው ማለታችን ይህ ነው።

በመሐል የሚገባው ማገናኛስ? በተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ ለሚደረገው የቤት ሙሊት፣ አምፔሩ የተጻፈበትና የማይላላ ከሆነ ይሠራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እየዳሰሱ ሙቀቱን ማየት ይበጃል። ለፈጣኑ የቀጥታ መሙያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ጣቢያውና መኪናው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ራሱ ይለያያል፤ የቻይናውና የአውሮፓው አይግባቡም። ስለዚህ አስተርጓሚ መሣሪያ የሌለው ተራ ማገናኛ ከንቱ፣ አንዳንዴም አደገኛ ነው። ከቻይና ከመኪናው ጋር የሚመጣውን የእጅ ቻርጀር፣ ጠፍጣፋ እግር ያለውን ሹል በርካሽ ማዛወሪያ አስገድዶ ከቤታችን ሶኬት ጋር ማገናኘትም ከዚህ የሚሻል አይደለም። ማዛወሪያውና ኤክስቴንሽኑ ለስልክና ለሬዲዮ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለሚነድ ሸክም አልተሠሩም።

ጉዳዩ ግን በእያንዳንዱ ሰው ጥንቃቄ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን የመሙያ ጣቢያ መክፈቱ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ብዙው ሰው መኪናውን የሚሞላው በሚያድርበት ቦታ ነው። የራሱ ግቢ ያለው ሰው እንደ ምንም ይወጣዋል፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖረውና ተከራዩ ግን ምን ያድርጉ? ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ኤክስቴንሽን ቢያወርዱ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ላይ አደጋ ይዘረጋሉ፤ ተዉ ሲባሉም የሚሄዱበት የላቸውም። የነዋሪዎች ማኅበራት ለመኪና ማቆሚያው አንድ ደኅና መስመርና ለየሰዉ የሚለካ ንዑስ ቆጣሪ ለማስገባት ቢመክሩ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ቢያግዛቸው፣ ወጪው ለብዙ ሰው የሚከፋፈል ነውና አይከብድም። መኪና ሻጮችም የመኪናውን ቀለምና ወንበር ከማወደስ አስቀድመው አፉ የትኛው እንደሆነና በስንት አምፔር እንደሚሞላ በጽሑፍ ሊሰጡ ይገባል።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። ቻይና የራሷን፣ አውሮፓም የራሱን መለኪያ በጊዜ ቆርጠው ተገላገሉ። አሜሪካ ግን ነገሩን ለፋብሪካዎቹ ፉክክር ትታ ብዙ ዓመታት በሁለት ዓይነት አፍ ስትቸገር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ወደ ቴስላው እንደሚዞሩ አስታወቁ። እኛ መኪና ከሁሉም አገር የምንገዛ ሕዝብ ነን። የሁሉም አገር አፍ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ መቸገራችን ስለማይቀር በመለኪያው ላይ መቁረጥ ለእኛ ከሌላው ይልቅ ያስፈልገናል።

እስከዚያው ድረስ የአንባቢዎቻችን ድርሻ ቀላል ነው። መኪናውን ከመምረጥ በፊት አንድ ቀን ቤቱን ማስመርመር፣ ለሳጥኑ ስም ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለሽቦውና ለመሬት መስመሩ ማዋል ነው። መኪናው ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ግን ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ያድራል። ልጆቻችን ተኝተው የሚያድሩት ከዚያ ግድግዳ ማዶ መሆኑን አንርሳ።