ኪኒኑን ከመስጠታችሁ በፊት ከረጢቱን እዩ

አባት የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና አድርገው ቤት ሲገቡ ሁለት ነገሮች አብረዋቸው ይመጣሉ፤ የሽንት ቱቦና የመድኃኒት ፌስታል። ማታ «አመመኝ» ሲሉ ልጆች የሚሮጡት ወደ ፌስታሉ ነው። «ጠንከር ያለው ይሻላል» ተብሎም ትራማዶል ይሰጣል።

ትራማዶል እንደ ሞርፊንና ኮዴይን ሁሉ ኦፒዮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። ብርቱ ሕመም ያስታግሳል፤ ግን ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያስቸግራል፣ በዕድሜ የገፉትን ያፈዛል፤ ሌሊት ሲነሱም ሊወድቁ ይችላሉ። ሆዱ የደረቀ ሰው ያምጣል፤ ማማጡ ደግሞ ገና ያልጠገገውን ቁስል ሊያደማ ይችላል።

ታዲያ አባት ሕመሙን ችለው ይተኙ ማለት አይደለም። ያመመው ሰው አልጋ ላይ ይውላል፤ አልጋ ላይ መዋል ደግሞ ለእግር ደም መርጋት ያጋልጣል። ቁም ነገሩ ሕመሙ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

አንደኛው የቁስሉ ሕመም ነው። ሐኪሙ ካልከለከለ መነሻው ፓራሲታሞል ነው፤ ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ፣ በታዘዘው ሰዓት። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን አይበልጥም፤ ለከሱ አረጋውያንና ጉበታቸውን ለሚያማቸው ሐኪሙ ይቀንሰዋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትና ጨጓራ ስለሚጎዱ፣ መድማትም ስለሚያባብሱ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጡም።

ሁለተኛው የፊኛ ቁርጠት ነው። መጣ ሄድ ይላል፤ ቱቦው እያለ «ሽንቴ መጣ» ያሰኛል። ይህን ትራማዶል ብዙም አይረዳውም። ፊኛን የሚያዝናና ሌላ መድኃኒት ስላለ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሦስተኛው አስቸኳይ ነው፤ ቱቦው ሲዘጋ የሚመጣው። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ይቆያል፣ ከእምብርት በታች ይወጠራል፣ ሕመሙ እየበረታ ይሄዳል። ቱቦው ተጣጥፎ ወይም አባት ተኝተውበት እንደሆነ እዩ፤ ከረጢቱም ከፊኛ ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ካልተስተካከለ በዚያው ሌሊት ወደ ሕክምና ውሰዷቸው። እዚህ ላይ ጠንካራ ኪኒን መስጠት አደጋውን መሸፈን ነው። የረጋ ደም ከበዛ ወይም ትኩሳት ከመጣም እንዲሁ።

በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ጥገና ላደረጉ ወንዶች ለቤት ከታዘዘው ኦፒዮይድ አብዛኛው ሳይዋጥ ቀርቷል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን «ጠንካራው ለስንት ቀን ነው? ቁስሉ ላይ የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ትራማዶል የግድ ካስፈለገ በታዘዘው መጠን፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ይሁን። ከአልኮልና ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር አይቀላቀል፤ የሚጥል በሽታ ካለባቸው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ እንደፈቀደ ውኃ ይጠጡ፣ አትክልት ይብሉ፣ ደገፍ ተደርገው በቤት ውስጥ ይንቀሳቀሱ።

የተረፈውን ኪኒን «ለሌላ ጊዜ» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አታኑሩት፤ የልጅ ልጆች እጅ እዚያ ይደርሳል። ወደ ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።