የሞላ ቁጥር፣ የጎደለ አደራ

የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ በ9 ከሞላ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ኮምፒዩተርም ቁጥርን የሚያኖረው በተወሰነ ስፍራ ነውና ተመሳሳይ ጣጣ ይገጥመዋል። በ32 ቢት የሚቀመጥ ሙሉ ቁጥር 2,147,483,647 ከደረሰ በኋላ አንድ ቢጨመርበት ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ባለሙያዎች ይህን ኢንቲጀር ኦቨርፍሎው ይሉታል። ፕሮግራሙ የተሳሳተውን ቁጥር አምኖ በሜሞሪ ላይ ሲጽፍ ለአጥቂ በር ይከፈታል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ይፋ የሆኑት የጊት ጉድለቶች የዚህ ዓይነት ነበሩ። ጊት የዓለም ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያከማቹበትና የሚጋሩበት ክፍት ሶፍትዌር ነው። የጀርመኑ ኤክስ41 ዲ-ሴክና የጊትላብ ባለሙያዎች በምርመራ ያገኟቸውን ጉድለቶች አስቀድመው ለጊት አልሚዎች አሳወቁ፤ ሕዝቡ የሰማው መጠገኛው ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀደም ሲል በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ መርጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥገና የሚመስሉ፣ ነገር ግን ቀዳዳ የሚከፍቱ ለውጦችን በሐሰት ስም ለሊኑክስ ከርነል ገምጋሚዎች ላኩ። ዓላማቸው የግምገማውን ድክመት ማሳየት እንጂ ጉዳት ማድረስ አልነበረም። ሆኖም በኤፕሪል 2021 ነገሩ ሲጋጋል ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ አስተዋፅኦ ታገደ፤ ተመራማሪዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ጥናታቸውን ከጉባኤ አወጡ። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ 435 ለውጦች እንደገና ተመረመሩ፤ አብዛኞቹ ትክክለኛ ሆነው ተገኙ። የጥቂቶች ሙከራ የብዙዎችን ቅን ሥራ ለጥርጣሬ ዳርጎ ነበር ማለት ነው።

በእርግጥ ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘው ድብቅ በር፣ ለዓመታት አመኔታ ያተረፈ አስተዋፅኦ አድራጊ ያስገባው ነበር። ይሁን እንጂ የሥጋቱ እውነትነት ማታለልን አይፈቅድም። ከዋና ኃላፊዎች ጥቂቱን አስቀድሞ ማስፈቀድና ሌሎቹን ሳያውቁ መፈተን ይቻል ነበር፤ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን በሐሰተኛ ኢሜይል የሚፈትኑት በዚሁ መልክ ነው።

የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድ ሙከራው በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር አይደለም ብሎ ነበር። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ክፍት ሶፍትዌርን የሚጠብቀው ኮድ አንባቢው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ የሚደክም ሰው ነው። እርሱን ሳያስፈቅዱ መፈተን የሚጠብቀውን ቤት ማዳከም ነው።