ሰፊው መንገድና የሰልፉ ርዝመት

ከቦሌ በኢምፔሪያል በኩል ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት የመጀመሪያ ዙር ከታደሱት አንዱ ነው። እግረኛው እፎይ ብሎ የሚሄድበት ስፍራ አግኝቷል፣ ብስክሌተኛው የራሱ መስመር ተሰምሮለታል፣ ማታ ማታ መብራቱ ደማቅ ነው። ሥራውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ኢምፔሪያል ላይ ቆሞ ወደ ገርጂ፣ ጃክሮስና ጎሮ የሚሄደውን የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ መንገዱስ ተሠራ፣ ሰው በምን ይሂድበት?

ጥያቄው የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን የሚባል ግዛት አለ። ስፋቱ የኢትዮጵያን ከግማሽ በላይ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከአዲስ አበባ ሕዝብ በእጅጉ ያንሳል። ስንዴ አምራች፣ ሀብታም፣ መንገዱም የተሟላ ነው። የእኛ ልጆችም በዋና ከተማዋ በሬጃይናና በሳስካቱን ይኖራሉ። ከዚህ የሚነሳ ሰው በአየር መንገዳችን ቶሮንቶ ይገባል፤ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ሁለቱ ከተሞች ይሻገራል። ባቡር ለሚመርጥ፣ ከቶሮንቶ ቫንኩቨር የሚመላለሰው ባቡር በሳስካቱን ያልፋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ። ሬጃይና ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የመንገደኛ ባቡር አይቆምባትም።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ከደረሱ በኋላ ነው። ሬጃይና የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ስናወራ፣ መኪና እስክትገዛ ድረስ ከከተማው ወጥታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሌላ ከተማ ያለች ጓደኛዋን ለመጠየቅ መኪና ያለው ሰው መለመን ነበረባት። እዚህ ሳለች ደሴ ለመሄድ ማንንም አስፈቅዳ አታውቅም፤ ማለዳ ተነስታ ላምበረት መናኸሪያ መድረስ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የሳስካችዋን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1946 የራሱን የአውቶቡስ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ድርጅቱ 253 ከተሞችንና መንደሮችን ያገናኝ ነበር። ተሳፋሪ ብቻ አይደለም የሚጭነው፤ ትራክተሩ ለቆመበት ገበሬ መለዋወጫ ያደርሳል፣ የሕክምና ዕቃ ይወስዳል፣ ከአንዱ ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላው መጽሐፍ ያመላልሳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 በጀት ሲታወጅ መንግሥት ድርጅቱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት 85 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ድጎማ ይፈልጋል የሚል ነበር። ሜይ 31 የመጨረሻው አውቶቡስ ሄደ። በዓመቱ ደግሞ ግሬይሃውንድ የተባለው ትልቁ የግል አውቶቡስ ኩባንያ ከምዕራብ ካናዳ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከቀረው የካናዳ ክፍልም ጨርሶ ተነሳ። ክፍተቱን ለመሙላት የሞከሩ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ፤ ነገር ግን የድሮውን ያህል መንደር አይደርሱም። ጉዳቱ የወደቀው መኪና በማይነዱ ሽማግሌዎች፣ ለካንሰር ሕክምና ወደ ትልቅ ከተማ በሚመላለሱ ሕሙማንና ከዋናው መንገድ ርቀው በሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ላይ ነው። አስፋልቱ ዛሬም አለ፤ አንድ ሜትር አልጎደለም።

እኔን ያስደነገጠኝ ሒሳቡ ነው። ድጎማው እንደ ኪሳራ ተቆጠረ፤ ሕክምናው የቀረበት ሰው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። የእኛ አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ከሳስካችዋኑ ድርጅት በዕድሜ ይበልጣል፤ ዛሬም በድጎማ ቆሟል። አንበሳም ሆነ ሸገር አውቶቡስ ሲነሳ «ይከስራል» የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ያንን የካናዳ በጀት አስታውሳለሁ። የአውቶቡስ ትርፉ ትኬት መሸጫው ላይ አይገኝም። ሥራዋ በሰዓቱ የገባች ጽዳት ሠራተኛ፣ ትምህርት ያላረፈደ ተማሪ፣ ሐኪም ቤት የደረሰች እናት ናቸው ትርፉ።

ሚኒባስ ታክሲውን መውቀስ አልፈልግም። በራሱ ነዳጅ፣ በራሱ ጎማ፣ በባለንብረቱ ዕዳ ይሠራል፤ ሳይሞላ እንዲነሳ ልንጠይቀው አንችልም። ምሽት ላይ ግን መንገድ ይቆርጣል። ጎሮ የሚሄደው ሰው ጃክሮስ ላይ ይወርዳል፣ እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል። በስልክ የሚጠሩት ራይድና ፈረስ አቅሙ ላለው ትልቅ እረፍት ናቸው፤ ደሞዙ ወር ለማይደርስለት ግን መፍትሔ አይሆኑም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል እንጂ የቦሌን መስመር አይነካም። ከ41 ባቡሮቹም ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ከርመዋል። መገናኛ ድረስ ለመድረስ ታክሲ የሚሰለፍ የኢምፔሪያል ሰው ባቡሩን የሰፈሩ መጓጓዣ ሊለው አይችልም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሬውም ደግ ነው። ሆኖም ኤሌክትሪክም ቢሆን አንድ ሰው የጫነ መኪና የሚይዘው ቦታ ያው ነው። መንገዱን ለእሱ ብቻ ካሰፋነው ሳስካችዋን የደረሰችበት ቦታ እንደርሳለን፤ ያውም የእሷ ገንዘብ ሳይኖረን።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከቦሌ አየር ማረፊያ በኢምፔሪያል አድርጎ መገናኛ፣ ከኢምፔሪያል ደግሞ በገርጂ አድርጎ ጎሮ የሚሄድ ትልቅ አውቶቡስ ይመደብ። ከታደሰው መንገድ አንዱ መስመር በጥዋትና በማታ ለእሱ ብቻ ይተውለት፤ ሌላ መኪና ከገባበት ይቀጣ። ማረፊያው ላይ የመስመሩ ቁጥር፣ ታሪፉና የመጀመሪያውና የመጨረሻው መኪና የሚነሳበት ሰዓት ይጻፍ። የመጨረሻው ሰዓት ሲወሰንም የአየር ማረፊያውና የሆቴሎቹ የማታ ሠራተኞች መጀመሪያ ይጠየቁ፤ እነሱ ከሥራ የሚወጡት ታክሲው ካለቀ በኋላ ነው። የከተማው ምክር ቤት የሚቀጥለውን በጀት ሲያይ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ እንደተሠራ ከሚቀርብለት ሪፖርት ጎን፣ በዚያ መንገድ ላይ በሰዓት ስንት አውቶቡስ እንደሚያልፍም ይጠይቅልን።